ቀኑን ማን ወሰደው? የላንካሻየር ፋብሪካዎችና የተራው ሰው ኑሮ

ማንቸስተር ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት እግር ኳስ ነው። ከኳሱ በፊት ግን ዓለም ከተማዋን ያወቃት በጥጥ ነበር። ማንቸስተርና በዙሪያዋ ያሉት የላንካሻየር ከተሞች፣ እነ ቦልተን፣ ብላክበርን፣ ፕሬስተንና ኦልደም፣ ከገበሬና ከሸማኔ መንደርነት ተነሥተው በሁለት ትውልድ ውስጥ ለዓለም ጨርቅ አቅራቢ ሆኑ። ፈረቃ፣ የመግቢያ ሰዓት፣ የቅዳሜ ግማሽ ቀን ዕረፍት፣ የሸማቾች ማኅበር ዛሬ የማንም የዕለት ኑሮ ናቸው። ሥረ መሠረታቸው ሲፈለግ ግን አብዛኛው ወደዚያ አካባቢ ይመራል። የእንፋሎት ሞተርን ማን እንዳሻሻለ ተማሪ ሁሉ ይማራል፤ ማሽኑ የሰውን ጠዋት፣ ምሳ፣ እንቅልፍና ቅዳሜ ምን እንዳደረገው ግን ብዙም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱና ወራቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የቀኑ ሰዓት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከ1733 እስከ 1770፦ ፈትል ያጣ ሸማኔ

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የላንካሻየር ሰው የሚሠራው እዚያው ከሚኖርበት ቤት ነበር። ልጆች ጥጡን ያጸዳሉ፣ ያባዝታሉ፤ እናትና ሴቶች ልጆች ይፈትላሉ፤ አባት ይሸምናል። ነጋዴው ጥጡን አምጥቶ ይሰጣል፤ ጨርቁ ሲያልቅ ተረክቦ የእጅ ዋጋ ይከፍላል። ኑሮው የደላው አልነበረም። ልጅ ገና በሕፃንነቱ ይሠራል፣ ነጋዴው ሥራ ባቆመ ጊዜም ጦም ማደር አለ። ቀኑ ግን የቤተሰቡ ነበር። ላም ማለቡ፣ ጓሮ መኮትኮቱ፣ ሲደክም ጋደም ማለቱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሸማኔው ቅዳሜ ጨርቁን አስረክቦ እሑድን ካረፈ በኋላ ሰኞንም ይደርበው ነበር፤ «ቅዱስ ሰኞ» እያሉ ይጠሩት የነበረ የሠራተኛ በዓል ነው። ያባከነውን ሐሙስና ዓርብ እኩለ ሌሊት ድረስ ሠርቶ ያካክሳል።

ይህን ኑሮ መጀመሪያ ያናጋው እዚሁ ላንካሻየር፣ በሪ አካባቢ የተወለደው ጆን ኬይ ነው። ቀድሞ ሸማኔ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያቀበለ ይሸምን ነበር፤ ጨርቁ ከክንዱ ርዝመት የሰፋ እንደሆነ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ኬይ በ1733 ለመወርወሪያው መንገድና በገመድ የሚሳብ መግፊያ አበጀለት። ሸማኔው ገመዱን ሳብ ሲያደርገው መወርወሪያው ማጉን እየጎተተ ከዳር እስከ ዳር ይበራል።

ሸማኔው ፈጠነ፤ ፈታይዋ ግን እንደ ድሮዋ ቀረች። ቀድሞም አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉት ነበር። አሁን ጭራሽ አልደረስ አሉት፤ ፈትል ፍለጋ ከቤት ቤት መዞር ግድ ሆነበት። በ1764 ገደማ ብላክበርን አጠገብ ይኖር የነበረው ሸማኔ ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ መዘውር ስምንት እንዝርት የሚያሾር ማሽን ሠራ። ጎረቤቶቹ በ1768 ቤቱን ሰብረው ገብተው ማሽኖቹን አደቀቁበት፤ እሱም ወደ ኖቲንግሃም ሸሸ። እነዚህን ሰዎች ሥልጣኔ ያልገባቸው ጅሎች አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው፤ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስምንቱን እንዝርት አንዲት ሴት ካሾረችው ሰባቱ በምን ይደሩ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ከ1771 እስከ 1800፦ የክሮምፎርድ ደወል

ሪቻርድ አርክራይት የፕሬስተን ልጅ ነው። ሙያው ፀጉር አስተካካይነትና ሰው ሠራሽ ፀጉር መሥራት ነበር። በ1769 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የመፍተያ ማሽን ከሃርግሪቭስ ማሽን የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ለሰው ክንድ ይከብዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ ወንዝ ይፈልጋል። በ1771 አርክራይትና ሸሪኮቹ ከላንካሻየር ወጣ ብሎ በደርቢሻየር አውራጃ ክሮምፎርድ በተባለች መንደር ፋብሪካቸውን ተከሉ። ቦታውን የመረጡት አስበውበት ነው። ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ለብ ያለ ስለሆነ በብርዱ ወራት አይረጋም፤ መዘውሩም ዓመቱን ሙሉ ይዞራል።

መዘውሩ ካልቆመ ሰውም አይቆምም። ፋብሪካው ቀንና ሌሊት በሁለት ፈረቃ ይሠራ ጀመር፤ የፈረቃው መለወጫ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ደወሉ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይደወላል፤ ልክ በሰዓቱ የግቢው በር ይዘጋል። አርፍዶ የመጣ ሠራተኛ የዚያን ቀን ሥራ ማጣቱ ሳያንስ ከደሞዙ ይቀጣል። ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ዶሮ ሲሰፍር መተኛት ለለመደ የገጠር ሰው ይህ ከማሽኑ በላይ እንግዳ ነገር ነበር።

አርክራይት የፈለጋቸው ልጆች የበዙላቸውን ሸማኔዎች ነው። ሚስትና ልጆች ፋብሪካ ይገባሉ፣ አባት ከፋብሪካው የወጣውን ፈትል ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሸምናል። በ1776 ያሠራላቸው ቤቶች ዛሬም ክሮምፎርድ ውስጥ ቆመዋል። ሦስት ፎቅ ናቸው፤ በላይኛው ፎቅ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጉ ሰፋፊ መስኮቶች ይታያሉ። ለአባትየው ሽመና ብርሃን እንዲገባ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ቤተሰብ በሁለት ዓይነት ሰዓት መኖር የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ አባት በራሱ፣ እናትና ልጆች በደወሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቻኮለ። በ1779 የቦልተኑ ሳሙኤል ክሮምፕተን ቀጭንና ጠንካራ ፈትል የሚያወጣ ማሽን ሠራ። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር መዘውር ማዞር በቻለ ጊዜ ፋብሪካ ከወንዝ ዳር ተላቀቀ፤ የድንጋይ ከሰል ወዳለበትና ሰው ወደሚበዛበት ወደ ማንቸስተር መጣ። ከ1805 ጀምሮ ሳልፎርድ ውስጥ አንድ ትልቅ ፋብሪካ በጋዝ መብራት ይሠራ ጀመር። የጨለማ ወሰንም ተነሣ።

ጥጡ ግን በእንግሊዝ አፈር አይበቅልም። ኤሊ ዊትኒ በ1793 አሜሪካ ውስጥ የሠራው የጥጥ መዳመጫ ማሽን ፍሬውን ከጥጡ በፍጥነት ስለሚለይ የአገሪቱ ደቡባዊ ግዛቶች እርሻቸውን ያለገደብ አስፋፉ፤ ለቀማው ግን በእጅ ነው፣ የሚለቅሙትም ባሪያዎች ነበሩ። በ1790 በአሜሪካ 700,000 ያህል የነበሩት ባሪያዎች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ስለ ፋብሪካ ዘመን ብልጽግና ሲወራ ይህ ቁጥር መዘለል የለበትም። ማንቸስተር ላይ የረከሰው ጨርቅ ሚሲሲፒ ላይ በሰው ነፃነት የተከፈለበት ነው።

ከ1811 እስከ 1819፦ መዶሻ ያነሡ ሸማኔዎች

መፍተያው ወደ ማሽን ሲዞር ሸማኔው ለጊዜው ደልቶት ነበር፤ ፈትል እንደ ልብ ሆነለት። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ኤድመንድ ካርትራይት በ1785 የጀመረው የሽመና ማሽን ብዙ ተሻሽሎ ከ1810ዎቹ በኋላ ሲስፋፋ፣ ቁጥራቸው ወደ 240,000 የሚገመተው የእጅ ሸማኔዎች ገቢ እያሽቆለቆለ ሄደ። የናፖሊዮን ጦርነት ገበያውን ዘግቶታል፤ ዳቦ ተወዷል።

በ1811 ኖቲንግሃም ውስጥ የካልሲ ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት እየተሰባሰቡ ማሽን መስበር ጀመሩ፤ እሳቱ ወደ ዮርክሻየርና ላንካሻየር ተዛመተ። ሉዳይቶች ተባሉ። መንግሥት በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣ። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በጌቶች ምክር ቤት ተነሥቶ ሕጉን ተቃወመ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። በጥር 1813 ዮርክ ላይ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። በነሐሴ 1819 ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው፣ የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ማንቸስተር አደባባይ ወጥተው ፈረሰኛ ጦር ሰይፍ መዝዞ ገባባቸው። ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰሉት በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ከ1830 እስከ 1850፦ ጭስ፣ ባቡርና አሥር ሰዓት

በ1801 ወደ 75,000 ነዋሪ የነበራት ማንቸስተር በ1851 ከ300,000 በላይ ሆናለች። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚሆን ውሃም፣ የቆሻሻ መውረጃም፣ ቤትም አልተዘጋጀም ነበር። ድሆቹ በምድር ቤት ተፋፍገው ይኖራሉ፤ በ1832 ኮሌራ ገባ። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ለመንግሥት ያቀረበው ዘገባ ያስደነግጣል፦ ማንቸስተር ውስጥ የሠራተኛ ቤተሰብ ሰው በአማካይ የሚሞተው በ17 ዓመቱ ሲሆን፣ ራትላንድ በተባለው የገጠር አውራጃ የዚያው መደብ ሰው በአማካይ እስከ 38 ይኖር ነበር። ቁጥሩን ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው። ወጣቱ ጀርመናዊ ፍሪድሪሕ ኤንግልስ አባቱ ድርሻ ባለው የፈትል ድርጅት እንዲሠራ ወደ ማንቸስተር የተላከው በዚያው ዓመት ነው፤ ያየውን በ1845 በመጽሐፍ አወጣው።

በፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። በመቶ የሚቆጠሩ የሽመና ማሽኖች በአንድ አዳራሽ ሲንኳኩ የጎን ጓደኛን ድምፅ መስማት አይቻልም። ሴቶቹ ሸማኔዎች ከንፈራቸውን እያጋነኑ በማንቀሳቀስና በእጅ ምልክት ማውራት ተማሩ፤ ዳር ከዳር ቆመው ወሬ ይጨዋወታሉ። አመሉ ከፋብሪካ ውጭም አልለቀቃቸውም፤ እቤታቸውና መንገድ ላይም እንዲሁ ያወሩ ነበር። ክሩ እንዳይበጠስ አየሩ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ይያዛል፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል። ማጉ ሲያልቅ ሸማኔዋ አዲሱን ክር በመወርወሪያው ቀዳዳ በኩል በአፏ ስባ ታወጣዋለች። ያው መወርወሪያ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር በሽታም አብሮ ይዘዋወራል።

ጠዋቱም ተለወጠ። ለሠራተኛ ሰዓት መግዛት ከባድ ነበርና ቀስቃሽ የሚባል መተዳደሪያ ተፈጠረ። ቀስቃሹ ረጅም ዘንግ ይዞ ገና ሳይነጋ ከመንገድ ላይ የፎቁን መስኮት ያንኳኳል፤ በሳምንት ጥቂት ሳንቲም ይከፈለዋል። በመስከረም 1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር መስመር ሲከፈት ደግሞ ሰዓት ራሱ አንድ መሆን ነበረበት። እስከዚያ እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን የሚሞላው በራሱ ፀሐይ ነው፤ ብሪስቶል ከለንደን 10 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀር ነበር። የባቡር ኩባንያዎች ከ1840 ጀምረው የለንደንን ሰዓት ያዙ፤ ከተሞቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

በዚህ መሐል የልጆቹ ጉዳይ ፓርላማ ደረሰ። በ1832 የማይክል ሳድለር ኮሚቴ ፊት ከቀረቡት ምስክሮች አንዷ ኤልዛቤት ቤንትሊ ናት። ሊድስ ከተማ በተልባ እግር ፈትል ፋብሪካ ሥራ የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው። ሥራ ሲበዛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ትወጣ ነበር፤ በመሐል ያላት ዕረፍት እኩለ ቀን ላይ 40 ደቂቃ ብቻ። የዘገየ ልጅ በጠፍር ይገረፋል። ቃሏን ስትሰጥ 23 ዓመቷ ነበር፤ ጀርባዋ በሥራው ብዛት ጎብጧል።

ልጆችን ለመጠበቅ በ1802ና በ1819 የወጡ ሕጎች ነበሩ። የሚያስፈጽማቸው ግን ስላልነበረ ከወረቀት አላለፉም። የ1833ቱ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለውን በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳያሠሩት ወሰነ። የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ ያለው ሕጉ በጨመረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ደሞዛቸውን መንግሥት የሚከፍላቸው፣ ፋብሪካ የመግባት ሥልጣን ያላቸው አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ለአገር ሙሉ አራት ሰው ኢምንት ነው። ቢሆንም ያዩትን እየጻፉ ለፓርላማ አቀረቡ፣ ባለቤቶችን ፍርድ ቤት ገተሩ፤ ቀጣዮቹ ሕጎች በእነሱ ዘገባ ላይ ቆሙ። በ1844 የማሽን መዘውሮች አጥር ይደረግላቸው ተባለ። በ1847 የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ቀን ከአሥር ሰዓት እንዳይበልጥ ተደነገገ። በ1850 ደግሞ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እነሱን ማሠራት ቀረ፤ ሴቶቹና ወጣቶቹ ሲወጡ ማሽኑ ስለሚቆም ወንዶቹም አብረው ወጡ።

ሁሉም ነገር ከፓርላማ አልተጠበቀም። ከማንቸስተር ብዙ በማትርቀው ሮችዴል ነጋዴ ዱቄቱን እየደባለቀ፣ ሚዛኑን እያጎደለ ሠራተኛውን ይበዘብዝ ነበር። በ1844 መጨረሻ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ቶድ ሌን በተባለ ጎዳና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ይሸጣሉ፤ ትርፉ ለአባላቱ በገዙት ልክ ይከፋፈላል። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉትን ጨምሮ የዓለም የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩባቸው መርሆች ከዚያች ሱቅ ደንብ የተቀዱ ናቸው።

ከ1861 እስከ 1876፦ ጥጡ ሲቋረጥ፣ ከማንቸስተር እስከ ጉራዕ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲፈነዳ የሰሜኑ ባሕር ኃይል የደቡብን ወደቦች ዘጋ። ላንካሻየር ጥጥ አጣች። በ1862 መጨረሻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዕርዳታ ይኖር ነበር። በዚያ ረሃብ መካከል፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 1862፣ የማንቸስተር ሠራተኞች ተሰብስበው ባርነትን ለመደምሰስ ለሚዋጋው ለአብርሃም ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ። ሊንከን በጥር 1863 አመስግኖ መለሰላቸው። ሐውልቱ ዛሬ ማንቸስተር መሐል ቆሟል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ክብር የሚገባው ምዕራፍ ቢመረጥ ይሄ ነው።

የጥጡ እጥረት ወደ አባይ ሸለቆም ተሻገረ። ዋጋው ሲንር ግብፅ እርሻዋን በጥጥ ሞላች፤ በ1863 ሥልጣን የያዘው እስማኤል ፓሻ ገንዘብ ጎረፈለት። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ሲወድቅ በብድር ቀጠለ፤ ሠራዊቱን አስፋፋ፣ ሥራ የፈቱ የአሜሪካ ጦር መኮንኖችን ቀጠረ፣ ፊቱንም ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ የአጼ ዮሐንስ አራተኛ ጦር ድል ነሣው። በጉራዕ ከግብፆቹ አዛዦች አንዱ ዊልያም ሎሪንግ ነበር፤ በአገሩ ለባሪያ አሳዳሪው ደቡብ የተዋጋ ጄኔራል። በዚያው ዘመን በምጽዋና በዘይላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገበያ የሚገባው የፋብሪካ ጨርቅ፣ አቡጀዲ፣ እየበዛ ሄዷል፤ አብዛኛው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር።

ከ1878 እስከ 1913፦ የቅዳሜ ከሰዓት

በ1850 የተገኘችው የቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ነገር ወለደች። ሠራተኛው ፋብሪካው ሲዘጋ ጥቂት ሳንቲም በኪሱ ይዞ፣ ገና ሳይመሽ፣ ሥራ የሌለበት ጊዜ አገኘ። በ1878 የማንቸስተር የባቡር ሠረገላ ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ የሚባል ቡድን አቋቋሙ፤ በ1902 ስሙ ማንቸስተር ዩናይትድ ሆነ። በ1886 ለንደን ውስጥ የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የመሠረቱት ቡድን የዛሬው አርሴናል ነው። በ1888 የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ከ12ቱ መሥራች ቡድኖች 6ቱ ከላንካሻየር ነበሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ከተማ ፋብሪካዎች በሙሉ በአንድ ሳምንት ይዘጉና ሕዝቡ በባቡር ወደ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ ይተማል። የረከሰው የጥጥ ልብስም የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ የሚታጠብ የውስጥ ልብስና አንሶላ ለድሃም ደረሰ።

ሴቶቹ ከሁሉ በላይ ተለውጠዋል። የላንካሻየር ሸማኔ ሴት የራሷ ደሞዝና የራሷ የሠራተኛ ማኅበር ነበራት፤ ድምፅ የመስጠት መብት ግን አልነበራትም። በ1901 ከ29,000 የሚበልጡ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሴቶች ፈርመው መብቱን ለፓርላማ ጠየቁ። በ10 ዓመቷ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ፋብሪካ መዋል የጀመረችው፣ አንድ ጣቷን ማሽን የቆረጠባት አኒ ኬኒ በ1905 ማንቸስተር ላይ ይህንኑ ጥያቄ በስብሰባ መሐል አንሥታ ታሰረች። ዕድሜያቸው 30 የሞላ ብዙ ሴቶች በ1918 መምረጥ ጀመሩ። ግማሽ ቀን የሚሠሩ ልጆች ነገርም እንዲቀር የተወሰነው በዚያው ዓመት ነው።

ከ1919 ወዲህ፦ ማሽኑ ሲሰደድ

በ1913 ላንካሻየር 7 ቢሊዮን ያርድ ያህል ጨርቅ ወደ ውጭ ላከች። ያንን መጠን ዳግመኛ አላየችውም። ሕንድና ጃፓን የራሳቸውን ማሽን ተክለዋል። በ1931 ማኅተመ ጋንዲ የእንግሊዝ ጨርቅ አትግዙ የሚለው ጥሪው ሥራ ያስፈታቸውን ሠራተኞች ሊያይ ዳርዌን ድረስ ሄዷል፤ ሴቶቹ ሠራተኞች ከብበው በደስታ ሲቀበሉት የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

በሌላ በኩል በላንካሻየር በትግል የተገኘው የሰዓት ገደብ የዓለም ሕግ ወደመሆን ሄደ። በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱን ያደረገው በዚሁ ላይ ነው፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ኢትዮጵያ በ1923 አባል ሆናለች። ማሽኑም መንገዱን ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት፣ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የፈረቃ ሰዓት እየጠበቁ በር ላይ መሰለፍ ጀመሩ። የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኖታል፤ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርንም ከልክሏል።

የእንግሊዝ ሕግ ከ1802 እስከ 1833 ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ ኖሯል፤ ሕይወት የዘራበት ተቆጣጣሪ ሲሾም ነው። አዲስ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር የሚፈጥረው የሥራ ዕድል ቁጥር ሲነገር፣ ደጃፉን አልፈው ገብተው ሰዓቱን፣ የማሽኑን አጥርና የሠራተኛዋን ዕድሜ የሚያዩት ተቆጣጣሪዎች ስንት እንደሆኑም አብሮ ይነገር፤ ካልተነገረም አንባቢ ይጠይቅ።